ስክሪኑን መጀመሪያ መዝኑት፦ ባለ ጋዝ የሞኒተር ክንድ ስገዛና ሳስተካክል ያየሁት

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የኮፒ ማሽን፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም። የምጽፈው ማመልከቻ፣ ውል፣ ውክልና፣ ሲቪ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው የስም ስህተት ነው። በቁቤ መደገም ያለበት ፊደል ካልተደገመ ስሙ የሌላ ሰው ይሆናል። በእኛም ፊደል አንዱ «ኃይሉ» ነው፣ አንዱ «ሃይሉ» ነው፤ መታወቂያው ላይ እንዳለው ካልተጻፈ ወረቀቱ ከቢሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሳላትም በፊት ባለጉዳዩ ራሱ ስክሪኑ ላይ እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ።

ሞኒተሬ ግን ሁለት ደስጣ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ብቻ ያይ ነበር። ባለጉዳዩ ለማንበብ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ገመድ ተሻግሮ፣ ከጀርባዬ መቆም አለበት። ወጣት ምንም አይመስለውም፤ ከዘራ የያዙ አባት በዚያች ጠባብ መተላለፊያ እንዲያልፉ መጠየቅ ግን ያሳፍረኛል። ብዙዎቹም «ልጄ፣ አንቺ ካነበብሽው ይበቃል» ይሉኛል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። በዚያ ላይ ከሰዓት የምታግዘኝ ልጅ ከእኔ በጣም ትረዝማለች። እሷ ስትቀመጥ አንድ ደስጣ ትጨምራለች፣ እኔ ስመለስ አወርዳለሁ። ሁለታችንም ማታ አንገታችንን ይዘን ነው የምንወጣው።

ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር በኩል የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጄ ጋ ስሄድ ነው ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት። ስክሪኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ በሚነሣ የብረት ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሙሽሮቹ ፎቶ ሊመርጡ ሲመጡ በሁለት ጣት ሳብ አድርጎ ወደ እነሱ ያዞረዋል፤ ዝቅ ሲያደርገው ዝቅ ይላል፣ ሲለቀው እዚያው ይቆማል። ሻጮች «ሞኒተር አርም» ይሉታል፤ እኔ ክንድ እያልኩ እጽፋለሁ። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም በመጀመሪያው ክንድ ላይ ያወጣሁትን ገንዘብ ሌላ ሰው እንዳያወጣ ብዬ ነው።

የመጀመሪያውን የገዛሁት በኢንች ነው። ካርቶኑ ላይ ከ17 እስከ 32 ኢንች ይላል፤ የእኔ 22 ነው፤ ሻጩም «በደንብ ይይዛል» አለኝ። መያዙንማ ይዟል። ችግሩ ወዲያ ነው፦ ስክሪኑን ወደ ዓይኔ ዝቅ አድርጌ ስለቀው ቀስ እያለ ተነሥቶ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። እጄን ደግፌ አስቀምጠዋለሁ፣ እጄን ሳነሣ ይከተለኛል። ማስተካከያውን ብሎን እስከ መጨረሻው አላላሁት፤ አልቆመም። ክንዱ ተበላሽቷል ብዬ ብመልሰው ሻጩ «ዕቃው ደህና ነው፣ ከወጣ አይመለስም» አለኝ። ደህና መሆኑ እውነት ነበር። አሁን ከዚያ ከቪዲዮ አቀናባሪው ወዳጄ ሁለተኛ ጠረጴዛ ላይ 32 ኢንች ተሸክሞ ያለ ምንም እንከን እየሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ክንዶች ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ወሰን አላቸው። ውስጣቸው ያለው ሞላ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል፤ የስክሪኑ ክብደት ደግሞ ወደ ታች ይስባል። ስክሪኑ ባለበት የሚቆመው ሁለቱ ሲመጣጠኑ ነው። ስክሪኑ ከከፍተኛው ወሰን በላይ ከከበደ ክንዱ ይሰግዳል፤ ከዝቅተኛው በታች ከቀለለ ደግሞ እንደ እኔው ይንሳፈፋል። ሰው ሁሉ «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ቢያንስ ስንት ኪሎ ይፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የእኔ ክንድ ካርቶን ላይ «6.6 – 26.4» የሚል ቁጥር ነበረ። እኔም ሻጩም ኪሎ መሰለን። ኪሎ ነው ካልኩማ 22 ኢንች ስክሪን 6 ኪሎ እንደማይደርስ ገና ሳልገዛው መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን አላሰብኩበትም። ቁጥሩ ፓውንድ ነው። ፓውንድን ለ2.2 ስታካፍሉት ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ ያ ክንድ ከ3 እስከ 12 ኪሎ ለሚመዝን ስክሪን የተሠራ ነው። የእኔ ስክሪን 2.6 ኪሎ ነው። አራት መቶ ግራም ጎደለኝ፤ ብሎኑን ብፈታ ብፈታ ያልቆመው ለዚህ ነው።

2.6 መሆኑን እንዴት አወቅኩ? መጀመሪያ እግሩን ፈታሁት። ሞኒተር ሲሸጥ የሚጻፈው ክብደት ብዙ ጊዜ እግሩን ጨምሮ ነው፤ ክንድ ላይ ሲሰቀል ግን እግሩ ይወልቃልና የሚቆጠረው የስክሪኑ ብቻ ነው። በእግሩና ያለ እግሩ መካከል አንዳንዴ ሁለት ኪሎ ድረስ ልዩነት ይኖራል። ከዚያ መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ጋ ሄድኩ፤ ስክሪኑን ታቅፌ ቆምኩ፣ አስቀምጬ ብቻዬን ቆምኩ፣ ቀነስኩ። 3 ኪሎ አለኝ። የሰው ሚዛን ግን ለግማሽ ኪሎ ደንታ የለውም፤ ግማሽ ኪሎ ደግሞ እዚህ ጉዳይ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ካለችው አትክልት ቤት ወስጄ በሽንኩርቱ ሚዛን አስመዘንኩት፤ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በፊቱ ሳይሆን በጀርባው አስተኝቼ። 2.6 ወጣ። የሞዴሉን ቁጥር ከጀርባው አንብቦ ያለ እግር ክብደቱን ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ይቻላል፤ ያገለገለ ሞኒተር ግን ተለጣፊው የተነሣ ስለሚሆን ሚዛኑ ይሻላል።

ሁለተኛውን ክንድ የገዛሁት ይህንን ቁጥር በእጄ ይዤ ነው። ከ2 እስከ 9 ኪሎ የሚል መረጥኩ። ከተቻለ ክብደታችሁ ከሁለቱም ጫፍ ራቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጫፍ ላይ ያለ ስክሪን የማስተካከያ ብሎኑን ጨርሶ ስለሚበላ በኋላ የምትቀንሱት ወይም የምትጨምሩት አይተርፋችሁም። ጎበጥ ያለ ሰፊ ስክሪን ያላችሁ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አድርጉ። ክብደቱ በወሰኑ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ጎኖቹ ወደ ፊት ስለሚመጡ አንገቱን ወደ ታች ይጎትተዋል።

ከክብደቱ ቀጥሎ የጀርባው ቀዳዳ ነው። አብዛኛው ሞኒተር ጀርባው ላይ አራት ቀዳዳ በካሬ ቅርጽ አለው፤ ቬሳ የሚባለው መለኪያ ነው። ከአንዱ ቀዳዳ መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል በማስመሪያ ለኩ፦ ወይ 75 ወይ 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የክንዶቹ ሳህን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላል። ብሎኑ ኤም 4 ነው፣ ማለትም ውፍረቱ 4 ሚሊ። ቀዳዳ የሌለው ሞኒተርም አለ፤ እሱን ከማስገደድ ሌላ ሞኒተር መፈለግ ወይም ከጎኑ አቅፎ የሚይዝ ማያያዣ መግዛት ይሻላል። አብሮ የሚመጣውን ብሎን በካቻቪቴ ከማጥበቃችሁ በፊት በጣታችሁ አስገቡት። ሳህኑ ገና ሳይጠብቅ ብሎኑ ከቆመ ረዝሟል ማለት ነው፤ አትግፉት፣ ስክሪኑን ከውስጥ ይወጋዋል። ሮንዴላ ጨምሩ ወይም አጭር ብሎን ፈልጉ።

ስለ ሞላው ጥቂት ልበል፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእሱ ነው የሚመጣው። የቢሮ ወንበር ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቱቦ ወይም የመኪና የኋላ በር ተከፍቶ እንዲቆም የሚያደርጉትን ሁለት ዘንጎች ታውቃላችሁ። ያው ነው። የታሸገ ሲሊንደር ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ ዘንጉን ወደ ውጭ ይገፋል። እኛ ብሎኑን ስናዞር ጋዙን አንጨምርም፣ አንቀንስምም። የሚለወጠው ሞላው ክንዱን የሚገፋበት ቦታ ነው፤ በር በማጠፊያው አጠገብ ሲገፋ እንደሚከብድ፣ በእጀታው በኩል ሲገፋ እንደሚቀል ማለት ነው።

ይህንን የምጽፈው በአንድ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ክንድ ሲንሳፈፍብኝ ከጎናችን ያለው ብየዳ ቤት የሚሠራ ልጅ፣ ቅን ልጅ ነው፣ «ጋዙን ትንሽ እናስተንፍሰውና ይቀላል» አለኝ። እኔም ልሰጠው ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለውን ምልክት አይተን ነው የተውነው። ያ ሲሊንደር የመኪና ጎማ አይደለም፤ ግፊቱ ከጎማ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቢበሳ፣ ቢቆረጥ፣ እሳት ቢነካው ዘንጉ እንደ ጥይት ሊወጣ ይችላል። በምንም ምክንያት አትክፈቱት፤ የሞተውንም ቢሆን ለብረት ቆራጭ ስትሰጡ ጋዝ እንዳለበት ተናገሩ።

የአዳማ ሙቀትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዝ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ በየ10 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል። የእኔ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት ስከፍት ይቀዘቅዛል፣ ከምሳ በኋላ ምድጃ ይሆናል። ክንዱን ጠዋት በ1 ሰዓት ላይ በጣም አጥርቼ አስተካክዬው ከሰዓት በ8 ሰዓት ስክሪኑ በጣም በቀስታ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። የመገጣጠሚያዎቹ ሰበቃ ይህን ያህሉን ልዩነት ብዙ ጊዜ ችሎ ይይዛል፤ የእኔ ስክሪን ቀላል ስለሆነና ወደ ታችኛው ወሰን ስለሚጠጋ ነው የታየው። ብሎኑን በረፋዱ፣ ቤቱ ለብ ሲል፣ እንደገና ግማሽ ዙር ያህል አላላሁትና ቆመ። እንደ አዳማ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ በቀኑ መካከለኛ ሙቀት ላይ አስተካክሉ።

አሁን ጠረጴዛው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ክንዱን እንጂ ጠረጴዛውን የሚያስብ የለም። ክንዱ ጠረጴዛውን እንደ ሞርሳ ከላይና ከታች ይነክሰዋል። ስክሪኑ ወደ ፊት በተዘረጋ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ይፈነቅላል። ጠንካራ ጣውላ ይችለዋል። የእኔ ጠረጴዛ ግን ቺፕውድ ነው፣ 18 ሚሊ፣ ከላይ በቀጭን ልባስ የተሸፈነ። ቺፕውድ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ሲጨመቅ ይሰረጉዳል፣ ጠርዙ ላይ ሲሆን ደግሞ ይፈረካከሳል። ጠረጴዛውን የሠሩልኝን ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ብረት ካልለበሰ በጋውን አይዘልቅም» አሉኝ። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ከብየዳ ቤቱ ሁለት ቁራጭ 3 ሚሊ ላሜራ አስቆረጥን፣ እያንዳንዱ የማስታወሻ ደብተር የሚያህል፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። በላሜራውና በእንጨቱ መካከል ያረጀ የብስክሌት ውስጠኛ ጎማ ቆርጠው አስገቡበት፣ እንዳይንሸራተት። ሸክሙ ሰፊ ቦታ ላይ ስለተዘረጋ እስከ ዛሬ ጭረት እንኳ አልወጣም። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የብረት ሳህን አለ፤ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ግን አትሞክሩት፣ በምንም ዓይነት ሳህን።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ለኩ፦ የጠረጴዛውን ውፍረት፣ ከጠርዙ በታች መንካሻውን የሚከለክል አግዳሚ እንጨት ወይም መሳቢያ መኖር አለመኖሩን፣ እና ከጠረጴዛው እስከ ግድግዳ ያለውን ርቀት። የመጨረሻውን እኔ አልለካሁም ነበር። ስክሪኑን ወደ ኋላ ስገፋው ክንዱ ይታጠፍና ክርኑ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ግድግዳ ካገኘ እዚያው ይቀራል፣ ስክሪኑም ከሚፈለገው በላይ ወደ ፊት መጥቶ ፊታችሁ ላይ ይቆማል። ጠረጴዛዬን ከግድግዳው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያህል ማራቅ ነበረብኝ፤ በጠባብ ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ቦታ ከሌላችሁ መንካሻውን ከኋላ ሳይሆን ከጠረጴዛው ጎን ጥግ ላይ ግጠሙት፤ ክርኑ ወደ ጎን ይወጣል። ጠረጴዛውን በትራፓኖ በስቶ መሃሉ ላይ የሚገጠምም አለ። እሱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ግን ቀዳዳው እዚያው ይቀራል፤ የኪራይ ዕቃ ከሆነ ተዉት።

ስትገጥሙ ሁለት ሰው ሁኑ። እኔን የረዳኝ የወንድሜ ልጅ ነው። መጀመሪያ መንካሻውን አጠበቅን፣ ከዚያ የታችኛውን ክንድ ከመንካሻው በሚነሣው ምሰሶ ላይ አስቀመጥን፣ ከዚያ ሞላ ያለበትን የላይኛውን። ልብ በሉ፦ የላይኛው ክንድ ባዶውን ሲሆን የሚመክተው ክብደት ስለሌለ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ነው የሚቆመው። ዝቅ አድርጋችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አታስጠጉ። ስክሪኑን ጋቢ አንጥፈን በፊቱ አስተኛነውና ሳህኑን በአራቱ ብሎን አሰርን። ክንዱ ከፍ ብሎ እንዳለ አንዳችን ስክሪኑን አነሣን፣ ሌላችን ሳህኑን ቦታው አስገብተን ቆለፍነው።

ማስተካከል የሚጀመረው ከዚህ በኋላ፣ ስክሪኑ ተሰቅሎ እያለ ብቻ ነው። ስክሪን ሳይኖር ብሎኑን ማዞር ትርጉም የለውም፤ ምን ያህል እንደሚበቃ አታውቁም። አብሮት የሚመጣው ኤል የሚመስለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ አለንኪ የምንለው፣ ለዚህ ነው። የላይኛውን ክንድ አግድም አድርጉት፣ ከወለሉ ጋር ትይዩ። መመሪያው እንዲህ ይላል፤ እኔም ሳላከብረው ሞክሬ አይቻለሁ፦ ክንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሳለ ቁልፉ በደንብ አይገባም፣ በግድ ስታዞሩት የብሎኑ ጥርስ ይበላል። አንድ ሰው ስክሪኑን ከሥር በእጁ ይደግፍ፣ ሌላው ያዙር። ከብሎኑ አጠገብ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። ስክሪኑ ሲለቀቅ የሚወርድ ከሆነ ወደ መደመር፣ የሚነሣ ከሆነ ወደ መቀነስ። ቀኝ ይሁን ግራ እንደ ክንዱ ይለያያልና በልማድ አትሂዱ፣ ምልክቱን እዩ።

ትዕግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። አንድ ሁለት ዙር አዙራችሁ ለውጥ ካጣችሁ ተበላሽቷል አትበሉ። ከፋብሪካ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ለከባድ ስክሪን ተወጥሮ ነው፤ ለእኔ ቀላል ስክሪን ከአሥራ አምስት ዙር በላይ መፍታት ነበረብኝ፣ በእያንዳንዱ ሩብ ዙር ቁልፉን እያወጣሁ እያስገባሁ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብሎኑ ይከብዳል፤ እዚያ ላይ አቁሙ፣ አትታገሉት። ሁለት ሦስት ዙር ካዞራችሁ በኋላ ስክሪኑን ልቀቁና አሥር እስክትቆጥሩ ተመልከቱ። በመሃል ሲቆም ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁ። በሦስቱም ቦታ ከቆመ፣ በሁለት ጣት ሲገፋም እሺ ካለ፣ ጨርሳችኋል። መሃል ላይ ቆሞ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢሸሽ አትጨነቁ፤ የምትሠሩበት ከፍታ ላይ መቆሙ ነው ቁም ነገሩ።

ሌሎቹ ብሎኖች ሌላ ሥራ አላቸው፤ ሰው ግን ያቀላቅላቸዋል። ስክሪኑ ቁመቱን ጠብቆ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው የሚደፋ ከሆነ ጥፋቱ የሞላው አይደለም፤ ከሳህኑ ጀርባ አንገቱ ላይ ያለውን ብሎን አጥብቁ። ስክሪኑ ግራና ቀኝ ሲዞር በጣም ከላላ ወይም ከከበደ መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ትንሽ ብሎን ነው የምትነኩት። እኔ የግራ ቀኙን ላላ አድርጌዋለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ ወደ ባለጉዳይ እንደማዞረው አልቆጠርኩም። ከምሰሶው አጠገብ ክንዱ ከ180 ዲግሪ በላይ እንዳይዞር የሚያግድ መቆሚያ ካለ አስገቡት። የእኔው ባለመግባቱ አንድ ቀን ክርኑ ዞሮ የኮፒ ማሽኑን መስታወት ሊመታ ነበር።

ገመድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ከማሰራችሁ በፊት ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርጉት፣ ከፍ አድርጉት፣ አዙሩት። ገመዱ በዚያ ሁሉ ካልተወጠረ እሰሩት። አጭር የቪጂኤ ገመድ የነበረኝ ጊዜ ስክሪኑን ወደ ደንበኛ ስስበው ገመዱ መሰኪያውን ይጎትተው ነበር፤ ረጅም ገዝቼ በክርኑ ላይ ትርፍ ተውኩለት።

ከፍታው እንዲህ ይሁን፦ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፋችሁ ቀጥ ብላችሁ ስታዩ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም በትንሹ ዝቅ ያለ። ርቀቱ እጃችሁን ስትዘረጉ ጣታችሁ ስክሪኑን ሊነካ የሚደርስ ያህል። ላዩ ለሩቅ ታቹ ለቅርብ የሆነ መነጽር የምታደርጉ ግን ከዚህ ይበልጥ ዝቅ አድርጉት፤ ያለበለዚያ በታችኛው መስታወት ለማየት ቀኑን ሙሉ አገጫችሁን ቀና ታደርጋላችሁ። እናቴ አንድ ቀን ልታግዘኝ መጥታ ነው ይህንን ያስተዋልኩት። የጠዋቱ ፀሐይ ከበሩ ሲገባም ስክሪኑን ትንሽ ዘወር ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ድሮ መጋረጃ እጥል ነበር። ረጅሟ ረዳቴ ስትቀመጥ ከፍ ታደርገዋለች፣ እኔ ስመለስ ዝቅ አደርገዋለሁ። ደስጣዎቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

አደጋ ሊደርስብን የነበረበትን ቀን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ዕቃ ስናወጣ የወንድሜ ልጅ ስክሪኑ ዝቅ ብሎ እንዳለ ቁልፉን ከፍቶ አወለቀው። ክብደቱ በድንገት ሲነሣለት ክንዱ ተፈንጥሮ ወጣ፤ ከፊቱ በጣት ርቀት አለፈ። ልጁ ስክሪኑን ታቅፎ ደንግጦ ቆመ፣ እኔም እግሬ ከዳኝ። ስታወልቁ ሁልጊዜ መጀመሪያ ክንዱን እስከ ላይኛው ጫፍ ከፍ አድርጉት፤ እዚያ ሲደርስ ሞላው ተዘርግቶ ስላለቀ የሚፈናጠርበት ቦታ የለውም። ከዚያ ብቻ ስክሪኑን ፍቱ። ልጅ ባለበት ቤት ይህንን ለሁሉም ተናገሩ።

ከገጠማችሁ ከሳምንት በኋላ መንካሻውን እንደገና አጥብቁ፤ እንጨቱ ተጨምቆ ትንሽ ይላላል። ከዚያ በወር አንዴ መነካካት ይበቃል። የከተማችን ነፋስ አቧራ አያጣምና መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ዘይትና ግራሶ አልቀባም፤ አቧራውን ይዞ ጭቃ ያደርገዋል።

ጋዝ ያለው ክንድ ለሁሉም ያስፈልጋል አልልም። ስክሪኑን አንዴ አስቀምጦ ዓመት ሙሉ ለማይነካ ሰው አናጢ የሚሠራለት የእንጨት ሣጥን ወይም በምሰሶው ላይ በብሎን የሚቆም ተራ ክንድ ይበቃዋል፤ ይረክሳል፣ የሚያልቅ ጋዝም የለውም። የጋዝ ሞላ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄዳል፤ ብሎኑን እያጠበቃችሁ ትከተሉታላችሁ፣ አንድ ቀን ማጥበቂያው ያልቃል። በጋዝ ፋንታ የብረት ጥቅል ሞላ ያላቸው ክንዶችም አሉ፤ እነሱ የሚያፈስ ነገር ስለሌላቸው በዚህ በኩል ይሻላሉ። ያገለገለ ስትገዙ ክንዱን በእጃችሁ ወደ ታች ጫኑት። ባዶውን ያለ ትግል የሚወርድ ከሆነ ወይም ዘንጉ ዙሪያ የዘይት እርጥበት ካያችሁ ሞላው አልቋል፤ አትግዙት።

ባለፈው ወር ለረዳቴ ጠረጴዛ ሌላ ክንድ ልገዛ ስል 24 ኢንቹን ስክሪን ይዤ በቀጥታ ወደ ሽንኩርቱ ሚዛን ሄድኩ። 3.4 ኪሎ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ከስክሪኑ ጀርባ ለጠፍኩት፤ አለንኪዎቹን ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተር አጣብቄአቸዋለሁ።